አሸዋና ነዳጅ ዘይት ሲጋቡ

ስለ ተዳቀሉት ሲሊኮኖች የንግድ ጥቅም፤ ከኬሚስትሪ ክበብ ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የኬሚስትሪ ክበብ አባሎች የምንነግራችሁ ስለ አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ርእሳችን በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ረዥምና የሚያስፈራ ስለ ነበረ «ይህስ ለኬሚስቶች ነው» ብሎ ሊቀር ያሰበ እንደ ነበረ ሰምተናል። ይሁን እንጂ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። ነገሩ የኬሚስቶች ብቻ መሆንና አለመሆኑን ንግግራችን ሲያልቅ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ክበባችን የሚሰበሰብበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ካቻምና ክረምት ሁለት ቆርቆሮዎች ከሚደራረቡበት ቦታ ውሃ እየገባ መጻሕፍታችንን አበላሸብን። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሬንጅ አቅልጠን ቀባንበት። ሬንጁ ቆርቆሮውን አጥብቆ ያዘ፤ ውሃውም ቆመ። በጋው መጥቶ ቀን ቀን ፀሐይ ሲያግለው፥ ሌሊት ሌሊት ብርድ ሲያኮማትረው ግን ሬንጁ ደርቆ ተሰነጣጠቀና ውሃው በበልጉ ዝናብ እንደ ቀድሞው ገባ። በሁለተኛው ጊዜ ገንዘብ አዋጥተን ከሕንፃ ዕቃ መደብር አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዛን። ይህኛው ፀሐዩንም ብርዱንም ቻለ፤ እንደ ጎማ እየተሳበና እየተመለሰ በጋውን ሁሉ ሳይሰነጠቅ ከረመ። ነገር ግን ቆርቆሮው ዝገት ስለ ጀመረው የቅባት ቀለም ልንቀባው በወጣን ጊዜ ቀለሙ ከሲሊኮኑ ላይ እየሸሸ በነጠብጣብ ተሰበሰበ፤ የደረቀውም በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። አቧራው በደንብ ካልተጠረገበት ቦታ ላይም ሲሊኮኑ ራሱ እንደ ጥብጣብ ተነሣ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሲሊኮኑን ፍቀን ካነሣነው በኋላ በቆርቆሮው ላይ የቀረው ስስ ቅባት ሌላ ነገር እንዳይጣበቅበት ከለከለን።

እንግዲህ ጣሪያችን ያስተማረን ይህ ነው። ሬንጁ ይስማማል እንጂ አይኖርም፤ ሲሊኮኑ ይኖራል እንጂ አይስማማም። ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንፈልገውም ነገር ከዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ይኸውም በዓለም ገበያ ላይ የሚሸጡት የተዳቀሉ ሲሊኮኖች ሁሉ የተወለዱት ከአንዱ ወላጅ ጉድለት ነው፤ ጉድለቱን በትክክል ያወቀ ሰው ሸቀጡን አገኘ የሚል ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት የኬሚስትሪ ነገር እንድንናገር ፍቀዱልን። አሸዋ በአመዛኙ የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ነው። ሲሊከን ማለት ንጥረ ነገሩ ነው፤ ሲሊኮን ማለት ደግሞ ከእርሱ የሚሠራው ረዥም ሰንሰለት ነው። ሁለቱ በስም ተቀራርበው ሰውን ስለሚያሳስቱ እንድትለዩልን እንለምናለን። በሌላው ወገን ፕላስቲኩ፥ ሬንጁ፥ የቅባት ቀለሙ፥ የመኪናው ጎማ፥ እነዚህ ሁሉ የጀርባ አጥንታቸው ካርቦን ነው። ኦርጋኒክ የምንላቸውም እነርሱ ናቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ከነዳጅ ዘይት ይወጣሉ። የሲሊኮን የጀርባ አጥንት ግን ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተሰለፉበት ነው፤ በግራና በቀኙ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ትንንሽ ቡድኖች ተንጠልጥለውበታል።

የሲሊኮን መልካም ጠባይ ሁሉ ከዚህ አሠራር የመጣ ነው። በሲሊከንና በኦክስጅን መካከል ያለውን ማሰሪያ ለመበጠስ በአንድ ሞል 450 ኪሎጁል ያህል ኀይል ያስፈልጋል፤ በካርቦንና በካርቦን መካከል ያለው ግን በ350 ኪሎጁል አካባቢ ይበጠሳል። ከዚህም በላይ የሲሊኮን ሰንሰለት ከፀሐይ ወደ ምድር የሚደርሰውን ጨረር ስለማይውጠው ሬንጁን ያደረቀው ፀሐይ እርሱን በቀላሉ አይጎዳውም። ሰንሰለቱም ልል ስለ ሆነ ከዜሮ በታች 125 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ እንደ መስተዋት አይደርቅም። ተራው የሲሊኮን ጎማ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አንሥቶ ከዜሮ በላይ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ሥራውን ይሠራል።

ነገር ግን ጉድለቱም ከዚያው ከመልካም ጠባዩ የሚመጣ መሆኑን ልብ በሉ። በጎኑ የተንጠለጠሉት ቡድኖች ሌላውን ነገር ወደ ራሳቸው የመሳብ ኀይላቸው ደካማ ነው። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ሲሆን የሲሊኮን ዘይት 21 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ አያርሰውም፤ ቀለምም አይይዘውም። ሰንሰለቶቹም እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለማይሳሳቡ ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ካልተጨመረበት በቀር የሲሊኮን ጎማ በጣት ይቀደዳል። በዋጋም ቢሆን ከተራው ፕላስቲክ ይወደዳል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በንግግራችን ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ፍሬድሪክ ኪፒንግ የሚባለው እንግሊዛዊ በኖቲንግሃም ከተማ ፕሮፌሰር ነበረ። ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል የሲሊከንን ኦርጋኒክ ውህዶች መረመረ። ሲሊኮን የሚለውንም ስም ያወጣ እርሱ ነው፤ ስሙን ያወጣው እነዚህ ነገሮች ኪቶን የሚባሉትን የካርቦን ውህዶች ይመስላሉ በማለት ነበረ። ኪፒንግ ይፈልግ የነበረው ጥርት ያለ፥ የሚቀልጥበት ዲግሪ የሚታወቅ፥ ስሙ በትክክል የሚጻፍ ውህድ ነበረ። በየሙከራው መጨረሻ ከመስተዋቱ ዕቃ ግርጌ የሚቀረው የሚያጣብቅ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ግን አስቸገረው። በ1937 ዓ.ም. በለንደን በሮያል ሶሳይቲ ፊት ባደረገው ታላቅ ንግግር ላይ ከዚህ የትምህርት ክፍል በቅርብ ጊዜ ትልቅ ነገር ይገኛል የሚል ተስፋ እንደሌለው ተናገረ።

ሆኖም ዝቃጩ ራሱ ትልቁ ነገር ነበረ። በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ በኮርኒንግ የመስተዋት ፋብሪካ ጄምስ ፍራንክሊን ሃይድ የሚባል ኬሚስት የመስተዋት ክር ለኤሌክትሪክ ሞተር መጠቅለያ እንዲሆን የሚያያይዝ፥ ሙቀትም የማያቃጥለው ሙጫ ይፈልግ ነበር። የመስተዋቱ ክር ሙቀትን ይችላል፤ ኦርጋኒኩ ሙጫ ግን ይከስላል። ሃይድ ከመስተዋትና ከኦርጋኒክ መካከል የሆነውን ነገር ፈለገ፤ ያገኘውም ኪፒንግ የጣለውን ነው። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ዩጂን ሮኮው በጄኔራል ኤሌክትሪክ የምርምር ቤት ሜትል ክሎራይድ የሚባለውን ጋዝ መዳብ በተቀላቀለበት በጋለ ሲሊከን ላይ በማሳለፍ የሲሊኮንን መነሻ በርካሽ የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። በጀርመንም ሪቻርድ ሙለር ለብቻው ወደዚያው መንገድ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። በ1943 ዓ.ም. ዳው ኮርኒንግ የሚባለው ኩባንያ ተቋቋመና ሲሊኮን ሸቀጥ ሆነ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ኪፒንግን ለመንቀፍ ይህን አላነሣንም። ከሥራው ያልተነሣ ማንም አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው «ይህ ምንድን ነው?» ብቻ ሲሆንና «ይህ ምን ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደሚለያይ ያስረዳናል። እኛም በቤተ ሙከራ ዝቃጩን ወደ ማጠቢያው ስንደፋ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ማዳቀል እንናገር። አባቶቻችን በቅሎን የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረስ ፈጣን ነው፤ በገደል ላይ ግን ይደነግጣል። አህያ ታጋሽ ናት፤ ቁመትና ፍጥነት ግን ይጎድላታል። በቅሎ የሁለቱን መልካም ነገር ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ኬሚስቶችም እንደዚሁ የሲሊኮንን ሰንሰለት ከኦርጋኒክ ሰንሰለት ጋር በሦስት ዓይነት መንገድ አጋቡት። አንደኛ፥ ሁለቱን ሰንሰለቶች ቁራጭ በቁራጭ ቀጣጠሉ። ሁለተኛ፥ የኦርጋኒኩን ሰንሰለት እንዳለ ትተው ጫፍና ጫፉን ሲሊከን አደረጉት። ሦስተኛ፥ በኦርጋኒክ ሰንሰለቶች መካከል የሲሊከንና የኦክስጅን ድልድይ ሠሩ። ሥራው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛው ምሳሌ ከእኛ በጣም ቅርብ ነው፤ በየማደሪያችን የምንተኛበት ስፖንጅ ፍራሽ ነው። ይህ ስፖንጅ የሚሠራው ሁለት ፈሳሾች ከጥቂት ውሃ ጋር ተቀላቅለው በፍጥነት ሲጠነክሩ ነው፤ በዚያው ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ እንጀራ ሊጥ ይነፋዋል። ችግሩ አረፋው ከመጠንከሩ በፊት መፈንዳቱ ነበረ፤ ያን ጊዜ ሊጡ ቁጭ ይላል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሲሊኮንና ፖሊኤተር የተቀጣጠሉበት ቅመም ተገኘ። ፖሊኤተሩ በፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል፤ ሲሊኮኑ ደግሞ ከሌላው ጋር የማይስማማ ስለ ሆነ ወደ አረፋው ገጽ ይወጣና ግድግዳውን ያጸናዋል። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ቀላቅሎ ፍራሽ መሥራት የተቻለው በዚህ ነው። የሚጨመረው መጠን ከመቶ እጅ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ፍራሹ የለም። በአገራችን ውስጥ ስፖንጅ የሚሠሩ ፋብሪካዎች እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ በጣሪያችን ላይ ቀለሙን ያባረረው ያው አለመስማማት፥ በፍራሹ ውስጥ ጥቅም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ጉድለትም በቦታው ሲውል ሙያ ይሆናል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ፖሊኤትሊን የሚባለው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይከለክላል፤ ርካሽም ነው፤ ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ በላዩ ላይ ቪኒል ሲሌን የሚባል የሲሊከን ውህድ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ይተከልበታል። ሽቦው ከተሸፈነ በኋላ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ውስጥ ይቆያል። ውሃው በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ሲሊከኑን ከሲሊከኑ ጋር በኦክስጅን ድልድይ ያያይዘዋል። እንዲህ የተያያዘው ልባስ ሽቦው በ90 ዲግሪ ሙቀት ዘወትር እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ያልተያያዘው ግን ከ70 ዲግሪ አያልፍም። ሽቦ ተነካክቶ ሾርት ቢያደርግ እንኳ ለ5 ሰኮንድ ያህል 250 ዲግሪ ይችላል። ይህ ዘዴ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስለ ተስፋፋ ዛሬ ለዝቅተኛ ቮልት ከሚሠሩት ሽቦዎች ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ የሚያልፉ ናቸው። ውሃ የኤሌክትሪክ ጠላት ነው ተብለን ተምረናል፤ እዚህ ግን ውሃው ራሱ የሽቦውን ልባስ አጸናው።

ሦስተኛው ወደ ጣሪያችን ይመልሰናል። በጃፓን አገር ካኔካ የሚባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ የስንጥቅ መድፈኛ ለገበያ አወጣ። የጀርባ አጥንቱ እንደ ፍራሹ ፖሊኤተር ነው፤ ጫፍና ጫፉ ግን ሲሊከን ነው። ከቱቦው ሲወጣ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ጫፎቹ ይያያዙና ጎማ ይሆናል። መካከሉ ኦርጋኒክ ስለ ሆነ ቀለም ይይዛል፤ ብረትንም፥ እንጨትንም፥ ሲሚንቶንም ይጣበቃል። አሮጌዎቹ የፖሊዩሪቴን መድፈኛዎች የያዙት አይሶሳያኔት የሚባለው መርዛማ ነገርም የለበትም። ዛሬ የሕንፃ ግድግዳ መገጣጠሚያዎች፥ የአውቶቡስ አካላትና የእንጨት ወለሎች የሚያያዙት በብዙ ስፍራ በዚህ ነው። እኛም በሦስተኛው ጊዜ የገዛነው ይህንን ነው። አሮጌውን ሲሊኮን በቢላዋና በሽቦ ብሩሽ ስንፍቅ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብን፤ ከዚያ በኋላ መድፈኛውን ቀባን፤ ቀለሙንም በላዩ ላይ አደረግን። እስከ ዛሬ አላፈሰሰም። ይሁን እንጂ አንድ ክረምት ማስረጃ አይሆንም፤ በዚህ ላይ መጨረሻ እንመለስበታለን።

አራተኛው ቀለም ነው። ተራው የቅባት ቀለም በፀሐይ ብዛት ይደበዝዛል፤ እንደ ኖራም በእጅ ይለቃል። በውስጡ ወደ 30 ከመቶ ሲሊኮን ሲዳቀልበት ግን ዕድሜው ይረዝማል። የአሜሪካ ባሕር ኀይል መርከቦች ከውሃ በላይ ያለው ግራጫ አካላቸው ለብዙ ዓመታት የተቀባው በዚህ ዓይነት ቀለም ነበረ። በ1990ዎቹ ደግሞ ሲሊኮንን ከኤፖክሲ ጋር ያዳቀለ ቀለም ወጣ። ኤፖክሲ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ግን ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀድሞ በላዩ ሌላ የፀሐይ መከላከያ ቀለም ይደረብ ነበር። የተዳቀለው ግን ሁለቱን ሥራ ለብቻው ስለሚሠራ በብረት ድልድይና በነዳጅ ማጠራቀሚያ ላይ ሦስት ጊዜ ይቀባ የነበረው ወደ ሁለት ጊዜ ወረደ። የቀለሙ ዋጋ ውድ ቢሆንም የሠራተኛውና የመወጣጫው ወጪ ስለሚቀንስ ገዢው አተረፈ። በንግድ ሒሳብ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቀቢውንም መቍጠር እንደሚገባ ይህ ያሳያል።

አምስተኛው በጣም የሚያስደንቀን ነው፤ በዓይን ላይ የሚደረገው ኮንታክት ሌንስ ነው። ኦቶ ቪክተርሌ የሚባለው የቼክ ኬሚስት በ1961 ዓ.ም. በገና ሰሞን በቤቱ ውስጥ፥ ከልጆች መጫወቻ የብረት ቁርጥራጭና ከብስክሌት ዲናሞ በሠራው መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ ሌንሶች አወጣ። ሌንሶቹ ውሃ ስለሚይዙ ለዓይን ተስማሙ። ነገር ግን የዓይን ብሌን የፊቱ ክፍል የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅንን የሚያገኘው ከአየር ነው፤ የቪክተርሌ ሌንስ ደግሞ ኦክስጅንን በጥቂቱ ብቻ ያሳልፋል። ሲሊኮን በበኩሉ ኦክስጅንን በብዛት ያሳልፋል፤ ነገር ግን ውሃን ስለሚጠላ ከዓይን ጋር ይጣበቅና ይጎዳል። አንዱ ዓይንን ያፍናል፤ ሁለተኛው ይነክሳል። ሁለቱን አዳቅሎ ሳይደፈርስ ጥርት ያለ ነገር ለማውጣት ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ ዘይትና ውሃ እምቢ እንደሚሉ ሁሉ እነዚህም እምቢ ብለው ነበርና። በመጨረሻ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ሲሊኮን ሃይድሮጄል የተባሉት ሌንሶች ገበያ ላይ ዋሉ፤ ዛሬም በዓለም ከሚሸጡት ለስላሳ ሌንሶች ዋነኞቹ እነርሱ ናቸው።

ስለ ቀሩት በአጭሩ እንናገራለን። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሚሽሊን በሸጠው ጎማ ውስጥ ደቃቅ ሲሊካ ከላስቲኩ ጋር በሲሌን ድልድይ ተያይዞ የጎማውን የመንከባለል ተቃውሞ ስለ ቀነሰ መኪናው ያነሰ ቤንዚን ይጠጣል። የፕላስቲክ መነጽር ሌንስ ቶሎ እንዳይጫር በላዩ የሚደረገው ስስ ልባስም ብዙውን ጊዜ የተዳቀለ ሲሊኮን ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ መነጽር ያደረጋችሁ ሁሉ ሳታውቁት ደንበኞች ናችሁ።

እስከ አሁን ያልነው ውዳሴ ብቻ ስለ ሆነ እንደ ነጋዴ እንዳንቈጠር ሌላውን ወገንም እንናገር።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ዛሬ በሱቅ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ በትልቁ የሚጻፈው የከበረው ወላጅ ስም ነው። የተዳቀለ የሚለው ቃል ብቻውን ስንት እጁ ከየትኛው እንደ ሆነ አይነግረንም። ከዚህም በላይ የተዳቀለው የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ ኀይል አይወርስም። የፖሊኤተሩ መድፈኛ ከ90 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት አይመከርም፤ ንጹሑ ሲሊኮን ግን 200 ዲግሪ ይችላል። ስለዚህ ለምድጃ በር ወይም ፀሐይ ሁልጊዜ በመስተዋቱ በኩል ለሚያገኘው መገጣጠሚያ ዛሬም የሚሻለው ንጹሑ ነው። ለቦታው የማይሆን ውድ ዕቃ ከርካሹ የከፋ ኪሳራ ነው።

ሌላም አለ። በቅሎ አትወልድም። በድልድይ የተያያዘው የሽቦ ልባስ እንደ ተራው ፖሊኤትሊን ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሊሆን አይችልም። መጋባቱ የሰጠን ጽናት ራሱ መፋታትን ከለከለ። ሲሊኮን ከሚሠራባቸው ቀለበት መሰል ሞለኪውሎች መካከልም ዲ4 እና ዲ5 የሚባሉት በውሃ ውስጥ ሳይበሰብሱ ስለሚቈዩ የአውሮጳ ኅብረት ከ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታጥበው በሚወገዱ የመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ ከ0.1 ከመቶ በላይ እንዳይገኙ ከልክሏል፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ክልከላውን አሰፋ። እንግዲህ ዕድሜው ረዥም የሆነ ነገር ሁሉ በጣሪያ ላይ ሲሆን በረከት፥ በወንዝ ውስጥ ሲሆን ዕዳ ነው።

ጓደኞቻችን፤ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በክበባችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «ይህ ሁሉ የሌላ አገር ሥራ ነው፤ እኛ ገዝተን ከመቀባት በቀር ምን አገባን?» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ «አሸዋ ሞልቶናል፤ ለምን ሲሊኮን አንሠራም?» አልን። ተከራክረን የደረስንበት ሐሳብ ሁለቱም ልክ አለመሆናቸው ነው።

አሸዋው ከሥራው ሁሉ ርካሹ ክፍል ነው። ከኳርትዝ አንድ ቶን ሲሊከን ለማቅለጥ 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ ክሎሪን ያለበት አደገኛ የኬሚስትሪ ሥራ ይከተላል። የዓለም ፋብሪካዎችም ጥቂትና እጅግ ትላልቅ ናቸው። በዚህ በኩል ነገ እንጀምር ማለት ባዶ ምኞት ነው። ነገር ግን የተዳቀለው መድፈኛ ቱቦ ሲከፈት ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ሲሊከን አይደለም። ከክብደቱ ትልቁ ድርሻ ብዙውን ጊዜ የካልሲየም ካርቦኔት፥ ማለት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ በሙገር ይቈፈራል። ዋናውን ፖሊመር ከውጭ ገዝቶ፥ ዱቄቱን አጥርቶና እርጥበቱን አድርቆ፥ ለአገሩ ፀሐይና ዝናብ በሚስማማ መጠን መቀመም ከማቅለጫው ምድጃ በጣም ያነሰ ሥራ ነው። ይህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ካፒታል አይደለም፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቦታ ስንት ዓመት እንደሚቈይ ማወቅን ነው። ይህንንም ዕውቀት ማንም አይሸጥልንም፤ ምክንያቱም በቱቦው ላይ የተጻፈው ዕድሜ የተለካው በሌላ አገር ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ የምንኖር ሰዎች የሚያገኘን ጨረር በባሕር ዳርቻ ካለው ይበረታል።

ስለዚህ በማኅበሩ ፊት አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። በክፍላችን ጣሪያ ላይ አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ቁራጮች እንድናኖር ይፈቀድልን። በሦስቱ ላይ ሬንጅ፥ በሦስቱ ላይ ንጹሕ ሲሊኮን፥ በሦስቱ ላይ ፖሊዩሪቴን፥ በሦስቱ ላይ የተዳቀለውን እንቀባለን። ግማሹን በተጠረገ፥ ግማሹን በዛገ ቆርቆሮ ላይ እንድንሞክርም መምህሮቻችን ቢመክሩን ቍጥሩን እንጨምራለን። በየወሩ አንድ ቀን ወጥተን ስንጥቁን እንለካለን፤ መጣበቁን በሚዛን ስበን እንፈትናለን፤ በደብተርም እንጽፋለን። ከእኛ መካከል የሚመረቁ ስላሉ ደብተሩ ለሚቀጥሉት ይተላለፋል። ከሦስት ክረምት በኋላ አንድ ቤት ሠሪ መጥቶ «የትኛውን ልግዛ?» ቢለን «ሰምተናል» ብለን ሳይሆን «ለክተናል» ብለን እንመልሳለን።

የሚያስፈልገን ገንዘብ የአራት ቱቦ ዋጋና የአንድ ደብተር ነው። መሰላሉን ከግቢው ጥገና ክፍል እንዋሳለን።

ኪፒንግ አርባ ዓመት ደክሞ ዝቃጩን አልጠየቀውም። እኛ ደግሞ በየዓመቱ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን ጣሪያውን ሳንጠይቀው እንዳንመረቅ እንፈራለን። ሐሳባችን በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ስለሚቀርብ አስባችሁበት እንድትመጡ እንለምናለን።